አቡ ረይሓን አል-ቢሩኒ፦ ድንጋዩን ሳይሰብሩ ውስጡን ያወቁት ዓሊም

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



ባለፈው ሰሞን ከዒሻ ሶላት በኋላ ዶርም ውስጥ ተሰብስበን ስንጨዋወት አንድ ወንድማችን ስልኩ ላይ የደረሰውን ዜና አነበበልን። ከአልማዝ የተሠራ ፕላኔት ተገኝቷል የሚል ነበር። ገሚሶቻችን ሱብሓነላህ አልን፤ ገሚሶቻችን ሳቅን። አንዱ ግን ዝም ብሎ ቆየና ጥያቄ አነሳ። ማንም ያልረገጠው፣ ርቀቱ በብርሃን ዓመታት የሚለካ፣ በትልቁ ቴሌስኮፕ እንኳ ገጹ የማይታይ ፕላኔት ውስጡ ምን እንደያዘ በምን ይታወቃል? በዚያ ምሽት መልስ የሰጠ አልነበረም። በኋላ ነገሩን ስናጠና መንገዱ ስማቸውን ብዙዎቻችን ወደምናውቀው፣ ሥራቸውን ግን እምብዛም ወዳልመረመርነው ዓሊም መራን። እኚህ ዓሊም አቡ ረይሓን ሙሐመድ ኢብን አሕመድ አል-ቢሩኒ ናቸው፤ አላህ ይዘንላቸው። በዚህ እትም የሕይወት ታሪካቸውን እናካፍላችኋለን። ዓመቶቹን ያስቀመጥነው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ልጅነትና ትምህርት

አል-ቢሩኒ በ973፣ በ362 ዓመተ ሂጅራ በዙልሒጃ ወር፣ በኸዋሪዝም አገር ካት በተባለች ከተማ ዳርቻ ተወለዱ። ኸዋሪዝም ከአራል ባሕር በስተደቡብ የሚገኝ፣ የአሙ ዳርያ ወንዝ የሚያጠጣው ለም ምድር ነበር። የተወለዱበት ስፍራ ዛሬ በኡዝቤኪስታን ውስጥ ሲሆን ከተማው በስማቸው ቤሩኒ ተብሎ ይጠራል። ቢሩን በፋርስኛ ውጪ ማለት ነው፤ ስለዚህ መጠሪያቸው ከከተማው ቅጥር ውጪ የተወለደ ሰው እንደማለት ነው። የአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ኸዋሪዝምኛ ነበር። ኪታቦቻቸውን የጻፉት ግን በአብዛኛው በኋላ በተማሩት በዐረብኛ ነው። ቤት ውስጥ በአንድ ቋንቋ አድገን ግቢ ውስጥ በሌላ ቋንቋ ለምንማር ለእኛ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም።

መምህራቸው አቡ ነስር መንሱር ኢብን ዒራቅ ይባላሉ። ከካት ገዢ ቤተሰብ የተወለዱ፣ በሂሳብና በሥነ ፈለክ የታወቁ ዓሊም ነበሩ። አል-ቢሩኒ በእርሳቸው ዘንድ ተምረው ገና በ17 ዓመታቸው የፀሐይን ከፍታ ለኩና ካት ከምድር ወገብ ምን ያህል ወደ ሰሜን እንደምትርቅ አሰሉ። ወደ ቦታው ሳይሄዱ፣ ገመድ ሳይዘረጉ፣ ከቆሙበት ሆኖ ሩቁን መለካት ይችሉ እንደነበር ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ይታያል።

ስደትና የጨረቃ ግርዶሽ

በ995 በኸዋሪዝም ጦርነት ተነሳ። የጉርጋንጅ ገዢዎች ካትን ያዙ፤ የመምህራቸው ቤተሰብም ሥልጣኑን አጣ። በ22 ዓመታቸው ገደማ የነበሩት አል-ቢሩኒ የጀመሩትን የምልከታ ሥራ ጥለው ተሰደዱ። ዛሬ ቴህራን አጠገብ በምትገኘው በሬይ ከተማም በችግር የኖሩበት ጊዜ ነበር።

ችግሩ ከሥራቸው አላራቃቸውም። በ997 የጨረቃ ግርዶሽ በሆነበት ሌሊት አል-ቢሩኒ ካት ላይ፣ ታላቁ የሂሳብ ሊቅ አቡል ወፋእ ደግሞ ባግዳድ ላይ ሆነው ግርዶሹን በየበኩላቸው ተመለከቱ። ይህን ለማድረግ አስቀድመው ተስማምተው ነበር። ጨረቃ ወደ ምድር ጥላ የምትገባበት ቅጽበት ለሁሉም አንድ ነው፤ የየከተማው ሰዓት ግን ይለያያል። የሰዓቱ ልዩነት አንዱ ከተማ ከሌላው ምን ያህል በምሥራቅ እንደሚገኝ ይነግራል። በሁለቱ መካከል የሳምንታት ጉዞ ነበር፤ እነርሱ ግን ልዩነቱን በአንድ ሌሊት ለኩት።

በ1000 ገደማ አል-ቢሩኒ ከካስፒያን ባሕር ደቡብ ምሥራቅ በምትገኘው በጉርጋን፣ በአሚር ቃቡስ ዘንድ ተጠጉ። በዚያም የሕዝቦችን የዘመን አቆጣጠር የሚያጠናውን አል-አሣር አል-ባቂያ የተባለውን ኪታባቸውን ጻፉ። ከወጣቱ ኢብን ሲና ጋር በደብዳቤ የተከራከሩትም በወጣትነታቸው ነው። ለኢብን ሲና ከላኳቸው 18 ጥያቄዎች አንዱ ስለ ሌሎች ዓለማት ነበር። የግሪኩ ፈላስፋ አርስቶትል ከዚህ ዓለም ሌላ ዓለም ሊኖር አይችልም ብሎ ነበር። አል-ቢሩኒ ይህን ያለ በቂ ማስረጃ ለመቀበል አልፈቀዱም። ሌላው ጥያቄ በረዶ ውኃ ላይ የሚንሳፈፈው ለምን እንደሆነ የሚመለከት ነበር። አንደኛው ስለ ሩቅ ዓለማት፣ ሌላው ስለ ነገሮች ቅለትና ክብደት ነው። ሁለቱ ጥያቄዎች ዛሬ በአንድ የትምህርት ዘርፍ ውስጥ ተገናኝተዋል፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ጀበና የሚመስለው ሚዛን

በ1004 ገደማ ወደ ኸዋሪዝም ተመለሱ፤ ኋላም በገዢው በአቡል ዐባስ መእሙን ዘንድ ተከብረው ተቀመጡ። በሕይወት ዘመናቸው ከሠሯቸው ሥራዎች ለዶርሙ ጥያቄያችን በጣም የሚቀርበው በማዕድናትና በከበሩ ድንጋዮች ላይ ያደረጉት ምርመራ ነው።

ወርቅ ቤት ገብቶ ቀለበት ያስመዘነ ሰው ችግሩን ይረዳዋል። ሚዛኑ ስንት ግራም እንደሆነ ይናገራል፤ ወርቁ ንጹሕ ይሁን መዳብ የተቀላቀለበት ግን አይናገርም። ያንን ለማወቅ ከክብደቱ በተጨማሪ ምን ያህል ቦታ እንደሚይዝ ማወቅ ያስፈልጋል። ክብደቱ ለያዘው ቦታ ሲካፈል የሚገኘውን ቁጥር በትምህርት ቤት እፍግታ ብለን ተምረነዋል። ቅርጹ ወጣ ገባ የሆነ ትንሽ ድንጋይ ምን ያህል ቦታ እንደሚይዝ እንዴት ይለካል? ድንጋዩ የሱልጣን ንብረት ከሆነ ደግሞ ሰብሮ ማየት አይታሰብም።

አል-ቢሩኒ ለዚህ ልዩ ዕቃ ሠሩ። ቅርጹን ለማሰብ ጀበናን አስታውሱ፤ ሆዱ ሰፊ፣ አንገቱ ጠባብ፣ ከጎኑ ቀጭን አፍ የወጣለት። ዕቃው በጎን ቱቦው እስኪፈስ ድረስ በውኃ ይሞላል። መንጠባጠቡ ሲያቆም ድንጋዩ በቀስታ ይጨመራል። ድንጋዩ የያዘውን ቦታ ያህል ውኃ በቱቦው ወጥቶ ከሥር በተቀመጠው የሚዛን ሳህን ላይ ይወርዳል። የድንጋዩ ክብደት ከወጣው ውኃ ክብደት ጋር ሲነጻጸር ድንጋዩ ከውኃ ስንት እጥፍ እንደሚከብድ ይታወቃል። አንገቱ የጠበበው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ትንሽ ድንጋይ ቢገባም የውኃው ከፍታ በግልጽ እንዲለወጥ ነው።

በዚህ መንገድ ወርቅን፣ ባዚቃን፣ እርሳስን፣ ብርን፣ መዳብን፣ ብረትንና ቆርቆሮን፣ ከከበሩ ድንጋዮችም ያቁትንና ሌሎችን መዘኑ። ለማዕድናቱ ወርቅን፣ ለድንጋዮቹ ያቁትን መነሻ አድርገው የሌላውን ልክ ከእነዚህ ጋር አነጻጸሩ። አል-ኻዚኒ የተባሉት ዓሊም በ1121 ሚዛን አል-ሒክማ በተሰኘው ኪታባቸው ውጤቶቹን ስላቆዩልን ዛሬ ከራሳችን ላቦራቶሪ ቁጥር ጋር ማስተያየት እንችላለን። ለምሳሌ ብረት ከውኃ 7.8 እጥፍ ገደማ ይከብዳል የሚለው ውጤታቸው ዛሬ ከሚታወቀው 7.87 ጋር በጣም ይቀራረባል። አስመስሎ የተሠራ መስታወት ከእውነተኛ ያቁት የሚለየው በዚህ ነበር፤ ድንጋዩ ሳይነካ፣ ቁጥሩ ብቻ ምስጢሩን ያወጣል።

ከኸዋሪዝም ወደ ገዝና

በ1017 የገዝናው ሱልጣን ማሕሙድ ኸዋሪዝምን በጦር ያዙ። አል-ቢሩኒም ከሌሎች ዑለማእ ጋር ዛሬ አፍጋኒስታን ውስጥ ወዳለችው ገዝና ተወሰዱ። እንግዳ ይሁኑ እስረኛ በግልጽ የማይለይበት ኑሮ ነበር። በቀጣዩ ዓመት ካቡል አጠገብ ጀይፉር በተባለ መንደር ሳሉ መለኪያ መሣሪያ አልነበራቸውም። በሂሳብ ሰሌዳ ጀርባ ላይ የክብ ክፍልፋይ ሥለው፣ ክር ላይ ክብደት አንጠልጥለው የራሳቸውን መሣሪያ ሠሩና የመንደሩን አቀማመጥ ለኩ። ላቦራቶሪው ባዶ ነው እያልን ለምናማርር ተማሪዎች ይህ ትምህርት ይሆነናል።

በ1025 ያጠናቀቁት ተሕዲድ ኒሃያት አል-አማኪን የተባለው ኪታባቸው የከተሞችን አቀማመጥ ስለመወሰን ነው። ካነሷቸው ጉዳዮች አንዱ ከገዝና ሆኖ የሚሰግድ ሰው ቂብላው በትክክል በየት በኩል እንደሆነ ነው። ለእርሳቸው የምድርን ቅርጽና ስፋት ማወቅ ከሶላት ጋር የተያያዘ ጉዳይ ነበር።

የምድርን ስፋት የለኩትም ከሱልጣኑ ጋር ወደ ሕንድ ምድር በተጓዙበት ዘመን ነው። ዛሬ በፓኪስታን ፑንጃብ ውስጥ ናንዳና የሚባል ምሽግ አለ፤ አጠገቡ ተራራ፣ ፊት ለፊቱ ሰፊ ሜዳ። በመጀመሪያ ከሜዳው ላይ ሆነው የተራራውን ከፍታ በማዕዘን ለኩ፤ 652 ክንድ ሆነ፤ ይህም ከ300 ሜትር በላይ ነው። ከዚያ አናቱ ላይ ወጥተው ሰማይና ምድር የሚገናኙበትን መስመር ተመለከቱ። ምድር ክብ ስለሆነች አድማሱ ከትክክለኛው አግድም ትንሽ ዝቅ ብሎ ይታያል። ያገኙት ዝቅታ 34 ደቂቃ፣ ማለትም ከግማሽ ዲግሪ ጥቂት ያለፈ ነበር። ምድር ትልቅ በሆነች ቁጥር ዝቅታው ያንሳል፤ ስለዚህ ከከፍታውና ከዚህች ትንሽ ማዕዘን የምድር ሬዲየስ ይወጣል። ሂሳቡ 12.8 ሚሊዮን ክንድ ገደማ ሰጣቸው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናስተውል ይገባል። ውጤቱ ከዛሬው ልክ በጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ ይለያል የሚል ጽሑፍ በየስልካችን ይዞራል። ክንዱ በሜትር ስንት እንደነበር ግን የታሪክ ሊቃውንት አልተስማሙም፤ አየሩም ብርሃንን ስለሚያጎብጥ ማዕዘኑን ማዛባቱ አይቀርም። አል-ቢሩኒ ራሳቸው ከእኛ ይልቅ ጠንቃቃ ነበሩ። ከእርሳቸው ሁለት መቶ ዓመት ገደማ በፊት በኸሊፋ አል-መእሙን ዘመን ሊቃውንት በረሃ ላይ ተጉዘው የምድርን ልክ ወስደው ነበር። የአል-ቢሩኒ ውጤት ከእነርሱ ጋር ተቀራረበ። የእነርሱ መሣሪያ የተሻለ፣ ድካማቸውም የበዛ ስለነበር ግን የራሳቸውን ትተው የእነርሱን ቁጥር መረጡ። የራስን ውጤት ከሌላው አሳንሶ ማየት ለስንቶቻችን ይቻለናል?

ከምድር ወደ ሩቅ ፕላኔቶች

አል-ቢሩኒ የምድርን ስፋት ለክተዋል፤ የብረትንና የድንጋይን እፍግታም ለክተዋል። ምድርን ራሷን እንደ አንድ ዕንቁ ለመመርመር የጎደላቸው ክብደቷ ብቻ ነበር። ያ የተገኘው ከ770 ዓመታት በላይ ቆይቶ በ1798፣ ሄንሪ ካቨንዲሽ የተባለ እንግሊዛዊ በቀጭን ሽቦ በተንጠለጠሉ ኳሶች የስበት ኃይልን በለካ ጊዜ ነው። ምድር ከውኃ 5.5 እጥፍ ገደማ እንደምትከብድ ታወቀ። በእግራችን የምንረግጠው ድንጋይ ግን ከውኃ 3 እጥፍ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ወደ ውስጥ እጅግ የሚከብድ ነገር መኖር ነበረበት። ከመሬት መንቀጥቀጥ ሞገዶች እንደተረጋገጠው ይህ በአብዛኛው ከብረት የሆነ እምብርት ነው፤ የምድርን ክብደት አንድ ሦስተኛ ገደማ ይይዛል።

የዶርሙ ጥያቄ መልስም ከዚሁ መንገድ ይመጣል። ፕላኔቱ በኮከቡ ፊት ሲያልፍ የኮከቡን ብርሃን በጥቂቱ ይጋርዳል፤ ከተጋረደው ልክ የፕላኔቱ ስፋት ይታወቃል። ምድራችን በፀሐይ ፊት ስታልፍ ከሩቅ የሚመለከት ቢኖር ብርሃኑ ከአሥር ሺህ አንድ እጅ እንኳ በማይሞላ መጠን ሲቀንስ ያያል። ፕላኔቱ በስበቱ ኮከቡንም ወዲያና ወዲህ ያወዛውዛል፤ ከውዝዋዜው የፕላኔቱ ክብደት ይሰላል። ምድር ፀሐይን የምታወዛውዘው በሰከንድ 9 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ከሕፃን ዳዴ ያነሰ ፍጥነት። ስፋትና ክብደት ከተገኙ እፍግታው ተገኘ። በ2009 ኮሮት 7ቢ የተባለው ፕላኔት ድንጋያማ መሆኑ የታወቀው በዚህ መንገድ ነው።

ይሁን እንጂ አንድ እፍግታ ብዙ ነገሮችን ሊያመለክት ይችላል። ወርቅና ሌላ ማዕድን የተቀላቀለበትን ቀለበት መርምሮ የወርቁን ልክ ለማውጣት ሌላው ማዕድን ብር ይሁን መዳብ ማወቅ ያስፈልጋል። ፕላኔትም እንዲሁ ነው። ትልቅ የብረት እምብርት ኖሮት ላዩን ጥልቅ ውኃ የሸፈነው ፕላኔትና ብረቱ ጥቂት ሆኖ በአብዛኛው ድንጋይ የሆነ ፕላኔት አንድ ዓይነት ቁጥር ሊሰጡ ይችላሉ። በዚያ ላይ ትልቅ ፕላኔት በራሱ ክብደት ውስጡን ስለሚጨምቅ ይህም በሂሳቡ ውስጥ መግባት አለበት።

ከእኛ 40 የብርሃን ዓመታት ገደማ የሚርቀው ትራፒስት 1 ኮከብ ሰባት ምድር መሰል ፕላኔቶች አሉት። በ2021 የወጣው ልኬት ምድር ከተሠራችበት ዓይነት ነገር ቢሠሩ ኖሮ ሊኖራቸው ከሚገባው እፍግታ በ8 በመቶ ገደማ እንደሚያንሱ አሳየ። ምክንያቱ የብረት ማነስ ይሁን፣ ብረቱ ከኦክስጅን ጋር ተዋህዶ ይሁን፣ ወይስ ውኃ፣ ልኬቱ ብቻውን አይለይም። ተመራማሪዎቹም ሁሉንም አማራጭ ዘርዝረው አስቀመጡ። ተጨማሪ ፍንጭ የሚፈለገው ከኮከቡ ብርሃን ነው፤ ፕላኔትና ኮከብ ከአንድ ደመና ስለሚፈጠሩ ኮከቡ ውስጥ ያለው የብረትና የማግኒዚየም ምጥጥን ስለ ፕላኔቱም ይናገራል።

የአልማዙ ፕላኔት ታሪክም ይኸው ነው። 55 ካንክሪ ኢ የተባለው ፕላኔት ከምድር 8 እጥፍ ገደማ ይከብዳል፤ ኮከቡንም ከ18 ሰዓት ባነሰ ጊዜ ይዞራል። በ2012 ተመራማሪዎች ኮከቡ ከኦክስጅን ይልቅ ካርቦን ይበዛበታል የሚለውን ልኬት ይዘው ፕላኔቱ በካርቦን የበለጸገ፣ በውስጡም አልማዝ ያለበት ሊሆን ይችላል የሚል ሐሳብ አቀረቡ። በኋላ ኮከቡ እንደገና ሲለካ ኦክስጅኑ በልጦ ተገኘ፤ የአልማዙም ሐሳብ ደከመ። ዜናው ግን ሊሆን ይችላል የሚለውን ቃል ጥሎ እስከ ዶርማችን ደረሰ። አል-ቢሩኒ ሐሰተኛውን ዕንቁ ከእውነተኛው ለመለየት ጀበናቸው ፊት የተቀመጡት እንዲህ ላለው ነገር ነበር።

የመጨረሻ ዓመታት

ወደ ሕይወታቸው እንመለስ። አል-ቢሩኒ ሳንስክሪት ቋንቋን ተምረው የሕንድን ሕዝብ እምነት፣ ሂሳብና ልማድ ከራሳቸው መጻሕፍት አጠኑ፤ በ1030 ገደማም ታላቁን የሕንድ ኪታባቸውን ጨረሱ። የሌላውን እምነት ባለቤቶቹ በሚያምኑበት መልኩ ለማቅረብ የደከሙ ሰው ነበሩ። በዚያው ኪታብ ስለ ድንጋዮችም ጻፉ። በተራሮቹ አጠገብ ድንጋዮቹ ትላልቅ፣ ወደ ታች ሲወረድ እያነሱና እየከበቡ፣ ወደ ባሕሩ ሲቀርቡ አሸዋ ሆነው ስላገኟቸው፣ ሰፊው ሜዳ ቀድሞ ባሕር እንደነበረና ወንዞች ባመጡት ደለል እንደሞላ ደመደሙ።

ለሱልጣን መስዑድ ያበረከቱት አል-ቃኑን አል-መስዑዲ የሥነ ፈለክ ሥራዎቻቸው ሁሉ ማጠቃለያ ነው። ሱልጣኑ በዝሆን የተጫነ ብር ቢልኩላቸው አያስፈልገኝም ብለው ወደ ግምጃ ቤቱ እንደመለሱት ያቁት አል-ሐመዊ ይተርካሉ። በ63 ዓመታቸው የሥራዎቻቸውን ዝርዝር ራሳቸው ሲያዘጋጁ ከ100 በላይ አርእስት ነበሩት። ከዚያም በኋላ ስለ ከበሩ ድንጋዮች አል-ጀማሂርን ጻፉ። ዓይናቸውና ጆሯቸው ደክሞ ሳለ የጀመሩት የመድኃኒት ኪታባቸው ሳያልቅ በ1050 ገደማ ገዝና ላይ ወደ አኺራ ሄዱ።

ስለ መጨረሻ ሰዓታቸው የሚተረክ አንድ ታሪክ አለ። አንድ የፊቅህ ዓሊም ሊጠይቋቸው ሲገቡ ትንፋሻቸው እየተቆራረጠ ነበር። አል-ቢሩኒ ከዚህ በፊት አብረው ያነሱትን የአያቶች የውርስ ድርሻ ጉዳይ እንዲያብራሩላቸው ጠየቁ። ዓሊሙ አዝነው በዚህ ሁኔታ ላይ ሆነው እንዴት ብለው ገረማቸው። አል-ቢሩኒ ግን ጉዳዩን ሳያውቁ ከዱንያ ከመውጣት አውቀው መውጣቱ እንደሚሻላቸው ነገሯቸው። ዓሊሙም አብራሩላቸው፤ እርሳቸውም ደገሙት። ዓሊሙ ከቤት ወጥተው መንገድ ላይ ሳሉ የለቅሶ ድምፅ ከኋላቸው ሰሙ።

ውድ ወንድሞችና እህቶች፤ የአል-ቢሩኒን ስም እያነሳን ብንኮራ ያምርብናል። ኩራቱ እውነተኛ የሚሆነው ግን መንገዳቸውን ስንይዝ ነው። ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ አንድ አስደናቂ ዜና ስልካችን ላይ ሲደርስ፣ ስለ ፕላኔትም ይሁን ስለ ቀደምት ዑለማዎቻችን ገድል፣ ለሌላው ከማስተላለፋችን በፊት የተለካው ምንድን ነው፣ የተገመተውስ የትኛው ነው ብለን እንጠይቅ። የዶርማችን ወንድም ያነሳት ጥያቄ ያን ምሽት ዜናውን ከማስተላለፍ አድናናለች፤ አላህ ኸይር ጀዛውን ይክፈለው። ለእኛም የሚጠቅም ዒልም ይጨምርልን፤ ለአል-ቢሩኒም እዝነቱን ያብዛላቸው። አሚን።

ወሏሁ አዕለም። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።